ክታቡን ማን ይክፈተው? ስለ አስማት ዝም እንበል ወይስ እንናገር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ያመነታሁበትን ጉዳይ ዛሬ ላነሣ ነው። ያመነታሁት ጉዳዩ የሩቅ ሰው ስላልሆነ ነው።

ከሕፃንነቴ ጀምሮ በአንገቴ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበረ። ስታጠብ እናቴ ታወልቀዋለች፤ ስለብስ መልሳ ታስረዋለች። በውስጡ ምን እንዳለ ስጠይቅ «አይከፈትም» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ዲቁና ስቀበል አወለቅሁት፤ ነገር ግን ለመጣልም ለመክፈትም ስላልደፈርሁ በሣጥን ውስጥ አኖርሁት። በዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ ስፌቱን ፈታሁት። ጠባብ የብራና ጥቅል ነው። ዓይኖች የበዙበት ሥዕል አለበት፤ በግእዝ የሚጀምር ጸሎት አለ፤ ከጸሎቱ በኋላ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የማይገኝላቸው ስሞች ተደርድረዋል። በመካከሉም ስመ ጥምቀቴ ተጽፏል። ስሜ በተጻፈበት ቦታ ግን ብራናው ተፍቆ ሳስቷል። ወደ ብርሃን አቅርቤ ስመለከተው ከስሜ ሥር የሌላ ሰው ስም ርዝራዥ ይታያል። ክታቡ አስቀድሞ ለሌላ ሰው የተጻፈ፣ ኋላም ስሙ ተፍቆ ለእኔ የተሸጠ ነበር።

እናቴን ጠየቅኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «ከአንተ በፊት እኅት ነበረችህ። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተችብኝ። አንተ ስትወለድ ሾተላይ ነው አሉኝ። የጻፈልኝ ሰው እዚያው ደብራችን የሚያገለግል ነበር፤ ለንስሐ አባትሽ እንኳ ብትነግሪ ይፈርሳል አለኝ። ልጄ፣ እኔስ ማንን ልጠይቅ?»

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጥ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ሁለቱ ድምፆች

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። የመጀመሪያው «አይነሣ» የሚል ነው። የጥንቆላንና የድግምትን ነገር በዐውደ ምሕረት ማንሣት ለማያውቀው ማስተዋወቅ ነው፤ ደካማውን ያስፈራል፤ ቤተ ክርስቲያንንም ያሰድባል ይላል። ይህን የሚሉ አባቶችና እናቶች ከፍርሃት ብቻ ተነሥተው አይናገሩም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ በስውር የሚደረገውን ነገር መናገር እንኳ ነውር መሆኑን ገልጿል (ኤፌ. 5፥12)።

ሁለተኛው ድምፅ በእኛ በወጣቶቹ ዘንድ የበረታ ነው። «የአባቶቻችን ጥበብ ስለ ምን ይሰወራል? ጠልሰሙ ሥነ ጥበብ ነው፤ ጥቅሉ ቅርስ ነው፤ ይታተም፣ ይተርጐም፣ ሁሉም ያንብበው» ይላል። ይህም ድምፅ ከእውነት የራቀ አይደለም። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ቡድን ከ1931 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አፍሪካን አቋርጦ በጐንደርም ተቀምጦ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ጥቅሎች ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወስዷል። እኛ «አይከፈትም» የምንለው ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶ፣ ተቈጥሮ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይገኛል። ምሥጢር ሆኖ የቀረው ለባለቤቱ ብቻ ነው።

እኔ ሁለቱም ድምፆች በከፊል እውነት፣ በከፊል ስሕተት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም «ይነገር ወይስ ይሰወር» ከማለታችን በፊት የሚነገረው ምኑ ነው፣ የሚሰወረውስ ማን ነው ብለን አልጠየቅንም።

ምሥጢርና ስውር ነገር አንድ አይደሉም

አንድ ወንድም «ቤተ ክርስቲያንም እኮ ምሥጢር አላት፤ መጋረጃ ትጋርዳለች፤ ያልተጠመቀውን ታስወጣለች፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው መልካም ነው።

ልዩነቱ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ምሥጢር አይሸጥም። ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ በጠየቀ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ከነገንዘቡ ገሥጾታል (ሐዋ. 8፥18-23)። ሁለተኛ፣ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው። ያልተጠመቀው የሚወጣው ተምሮና ተጠምቆ እንዲገባ ነው እንጂ ለዘለዓለም እንዲቀር አይደለም፤ አምስቱን አዕማደ ምሥጢርም በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሰባት ዓመት ሕፃን ይማራቸዋል። ሦስተኛ፣ ምሥጢሩ በመነገሩ አያልቅም። የሥጋዌን ነገር ዕለት ዕለት እንሰብከዋለን፤ ዕለት ዕለትም ከአእምሮአችን በላይ እንደ ሆነ ይኖራል። የእኛ ምሥጢር ጥልቅ ስለ ሆነ ምሥጢር ነው፤ የአስማተኛው ግን የተሸፈነ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲነሣ ከሥሩ የተፋቀ ስም ይገኛል።

ቃሉ ራሱ ይህን ያስተምረናል። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። የአስማተኛው ሥራ በአብዛኛው በስሞች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ማንም የማያውቃቸው ናቸው የሚባሉ ስሞችን ይዞ ኃይልን አስገድዶ ማዘዝ ይሻል። የሰውንም ስም ከእናቱ ስም ጋር ቈጥሮ ዕጣውን እነግረዋለሁ ይላል። ለእኛ ግን የምንድንበት ስም በጆሮ ሹክ አልተባለልንም። ለአሕዛብ ሁሉ እንዲሰበክ በአደባባይ ተሰጠ፤ በእርሱም ተጠመቅን። ጌታችንም በሊቀ ካህናቱ ፊት ሲጠየቅ ያስተማረው በግልጥ መሆኑንና በስውር አንዳች እንዳልተናገረ መስክሯል (ዮሐ. 18፥20)። በነቢዩ በኢሳይያስም መጽሐፍ ጠንቋዮች የሚታወቁት በሹክሹክታቸው ነው (ኢሳ. 8፥19)።

ዝምታ ማንን ጠቀመ?

ዝምታችን የጠቀመው ነጋዴውን ነው። በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚኖር አንድ ተማሪ በፈተና ሰሞን በቴሌግራም ካገኘው «አዋቂ» ዘንድ ለትምህርት የሚሆን ጠልሰም ገዛ። ገንዘቡን በስልክ ላከ፤ ጠልሰሙም በስልክ ተላከለት። በሁለት የትምህርት ዓይነቶች በወደቀ ጊዜ ሰውየውን ጠየቀው። መልሱ አጭር ነበር፤ «ለሰው ነግረሃል፤ ስለዚህ ፈርሷል።» ልጁ በእርግጥም ለእኔ ነግሮኝ ነበርና ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ አመነ።

እነሆ የስውርነቱ ጥቅም። ሲሳካ ምስጋናው ለጸሐፊው ይሆናል፤ ሳይሳካ ሲቀር ጥፋቱ የተናገረው ሰው ይሆናል። ማንም ከማንም ጋር ስለማይነጋገር የአንዱ መታለል ለሌላው ትምህርት አይሆንም። ዛሬ ደግሞ ምሥጢርነቱ ራሱ ሸቀጥ ሆኗል፤ «የተሰወረ ጥበብ» ተብሎ በአደባባይ ይታወጃል፤ አውደ ነገሥትም ታትሞ ለገበያ ከቀረበ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ «ዝም ብንል አይታወቅም» የሚለው ክርክር ዘመኑ አልፎበታል። ሁሉም በሚናገርበት ሰዓት ዝም ያለችው የሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ ናት።

ዝምታው ሥጋንም ይጎዳል። «ሾተላይ» የሚለው ስም ዛሬ በጤና ባለሙያዎች አፍ የእናትና የፅንስ የደም ዓይነት አለመጣጣምን ያመለክታል። የደሟ ዓይነት አር ኤች ነጌቲቭ የሆነች እናት በእርግዝናዋ ወራት፣ ሕፃኑም አር ኤች ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መከላከያ መርፌ አለ። እኅቴ በምን ምክንያት እንደ ሞተች ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ባልተጠየቀ ጥያቄ ላይ መልስ አይገኝምና። እናቴ ግን ክታቡን ተማምና ወደ ሐኪም አልሄደችም፤ እንዳትናገር ስለ ተነገራትም ሂጂ የሚላት ሰው አላገኘችም።

በአንጻሩ በግልጥ የሚታወቀውን ዕፅ ተመልከቱ። በእንዶድ ልብስ ማጠብን የማያውቅ እናት አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውሎ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቀ። ዕውቀቱ በጆሮ ሹክ የሚባል ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር? ዕፅን እግዚአብሔር ፈጥሮታል፤ የዕፅ መድኃኒትን ማወቅም ኃጢአት አይደለም። በጠልሰም ሽፋን ስንሰውረው ግን መድኃኒቱ ከመርዙ ሳይለይ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የሳኦል ሌሊት

«ታዲያ በአዋጅ ይከልከል፤ ይበቃል» የሚልም አለ። ክልከላማ ጥንትም አለ (ዘዳ. 18፥10-12)። ነገር ግን ንጉሡ ሳኦልን አስቡ። መናፍስት ጠሪዎችን ከምድሪቱ ያሳደደ እርሱ ራሱ ነው። ፍልስጥኤማውያን በከበቡት ጊዜ፣ ከእግዚአብሔርም መልስ ባጣ ጊዜ፣ ልብሱን ለውጦ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ (1ኛ ሳሙ. 28)። ቀን ያወገዘውን ሌሊት ፈለገው። የእኛም ሕመም ይህ ነው። በዐውደ ምሕረት «ጠንቋይ ዘንድ አትሂዱ» ሲባል ሁላችን አሜን እንላለን፤ ልጅ ሲታመም ግን ልብስ የምንለውጥ ጥቂቶች አይደለንም። አዋጁ የጎደለው ክልከላ አይደለም፤ የጎደለው «በጨነቀህ ሌሊት ወደዚህ ና» የሚል ክፍት በር ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ጠርቶ እንዲጸለይለትና ዘይት እንዲቀባ ያዘዘው ስለዚህ ነው (ያዕ. 5፥14-16)።

መግለጥም ሁሉ ብርሃን አይደለም

ይህን ስል ለሁለተኛው ድምፅ ሙሉ በሙሉ መወገኔ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ክርስቲያን፣ የመጀመሪያው የአስማት ታሪክ የመሰወር ሳይሆን የመግለጥ ታሪክ መሆኑን ያውቃል። ወደ አርሞንኤም ተራራ የወረዱት 200 ትጉሃን ከተከሰሱባቸው በደሎች አንዱ ለሰው ልጆች አስማትንና ሥር መማስን ማስተማራቸው፣ ያልተፈቀደውን ነገር መግለጣቸው ነው። ስለዚህ «ዕውቀት ነውና ይሰራጭ» የሚለው ቃል ብቻውን ክርስቲያናዊ አይደለም። የበሽታን ምልክት ማስተማርና በሽታን ማስተላለፍ የተለያዩ ናቸው።

መንገዱን የሚያሳየን የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው (ሐዋ. 19፥13-20)። በኢየሱስ ስም እንደ አስማት ሊጠቀሙ የሞከሩት ሰባቱ የአስቄዋ ልጆች ቆስለው ከሸሹ በኋላ፣ ብዙ ምእመናን መጥተው ሥራቸውን ተናዘዙ፤ መጻሕፍታቸውንም በሁሉ ፊት አቃጠሉ። ሁለት ነገር እናስተውል። ሥራቸውን ተናገሩ፤ መጻሕፍቱን ግን ለሕዝቡ አላነበቡም። ዋጋውም 50,000 ብር ሆኖ ተገኘ፤ ያም ሆኖ አልሸጡትም። ቅዱስ ሉቃስ ዋጋውን የጻፈው መናዘዝ ኪሳራ እንዳለው እንድናውቅ ይመስለኛል። በመስከረም 21 የምናስበው ቅዱስ ቆጵርያኖስም አስቀድሞ መሠርይ ነበር፤ ሥራዩ በቅድስት ዮስቴና ላይ ኃይል እንዳጣ ባየ ጊዜ መጻሕፍቱን አቃጥሎ ተጠመቀ፤ ጳጳስም ሰማዕትም ሆነ።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው። ሥራው ይገለጥ፤ ዘዴው አይሰራጭ። ተመራማሪ ጥቅሉን ቢያጠና አልቃወምም፤ ታሪካችን ነውና። ነገር ግን በየጥቅሉ የተጻፈው ስም የአንድ የታመመ ሰው ስመ ጥምቀት መሆኑን አይርሳ። ለጌጥና ለመዝናኛ በስልካችን ገጽ የምንለጥፈው ሥዕል የአንዲት እናት ጭንቀት ሊሆን ይችላል።

ሰው አይጋለጥ

ከሁሉ በላይ መፍራት ያለብን «ይገለጥ» ያልነው ቃል «ይጋለጡ» ወደሚል እንዳይለወጥ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434-1468 እ.ኤ.አ.) ጥንቆላን ከሀገር ለማጥፋት እንደ እርሱ የተጋ ንጉሥ አልነበረም፤ ነገር ግን ደስክና ዲኖን ታመልካላችሁ በሚል ክስ ብዙዎች እንደ ተቀጡ፣ የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ ከቅጣቱ እንዳላመለጡ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ቂም ያለው ሁሉ ከሳሽ ሲሆን ብርሃን መስሎ የተጀመረው እሳት ይሆናል። «ቡዳ» እያልን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤላዊውን ጎረቤታችንን ስናሸማቅቅ የኖርነውም በዚሁ መንፈስ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ የከለከሉት በደሉ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ስላዩ ነው። በጎረቤት ላይ ጣት መቀሰር ጥንቆላን መቃወም አይደለም፤ ራሱ ሟርት ነው።

ሊቃውንቶቻችንንም በጅምላ አንክሰስ። ማኅሌቱን የሚቆሙት፣ ቅኔውን የሚዘርፉት ደብተሮች የቤተ ክርስቲያን ዐምዶች ናቸው። ሆኖም ጥቂቶች ያን ዕውቀት ለዚህ ንግድ ማዋላቸውን መካድ ለማንም አይበጅም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶች በ36ኛው ቀኖናቸው ከምእመናን በፊት የጀመሩት ከአገልጋዮች ነው፤ አገልጋይ አስማተኛ እንዳይሆን፣ ክታብም እንዳይሠራ ከለከሉ። እኛም ከራሳችን እንጀምር።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን በዓመት አንድ ጊዜ መምህራን ስለዚህ ጉዳይ በግልጥ ያስተምሩን። ዘዴውን ሳይሆን ምልክቱን ያስተምሩን። ለንስሐ አባትህ አትንገር የሚል፣ ዋጋ የሚቈርጥ፣ የሚጽፈውን ቃል ትርጉም መናገር የማይችል፣ ሐኪም ቤት አትሂድ የሚል ሰው፣ በእጁ መስቀል ቢይዝ እንኳ፣ ከእርሱ ራቁ።

ሁለተኛ፣ ክታብ ያለበት ምእመን ያለ እፍረት ለንስሐ አባቱ የሚያስረክብበት ሥርዓት ይኑር። የሥራው ነገር በአደባባይ ይነገር፤ የሰውየው ነገር ግን በንስሐ ይሰወር። ስውርነት ቅዱስ ቦታ ካለው ቦታው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጠበልና ጸሎት ሐኪምን እንደማይከለክሉ ደጋግመን እንናገር።

በዚያ ክረምት ጥቅሉን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነበር። «እሳት ላይ ልጣለው አባ?» አልኋቸው። «ያሰረችው እናትህ ናት፤ እርሷ ታምጣው» አሉኝ። እናቴም በሳምንቱ በራሷ እጅ አስረከበቻቸው። ሁሉን ስትነግራቸው አልተቈጧትም። ስለ ሞተችው ልጇ ጠየቋት፤ እናቴ የእኅቴን ነገር ለካህን ስትናገር ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያም ስሙ ከብራናው ስለ ተፋቀው ስለዚያ ስለማናውቀው ሰው ቆመን ጸለይን፤ የሰው ፊደል ቢፍቀውም እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋልና።

ከቤታችሁ ያልተከፈተ ክታብ ካለ፣ ብቻችሁን አትክፈቱት፤ ብቻችሁንም አትሸከሙት።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።